አውራ ጣት ከታተመ በኋላ

ጂንካ ውስጥ ቡና ላይ የሚወራ፣ በየትኛውም ሪፖርት ግን የማይገኝ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ወደ ደቡብ ኦሞ መጠይቅ ይዞ የሚመጣ ጥናት ሁሉ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚያወራ አንቀጽ አለው። አንቀጹ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ግን ተመራማሪው ገና ከቢሮው ሳይነሣ ነው። ገንዘብ ሰጪው ስለሚፈልገው ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይገባል። ጥናቱ ሲያልቅም ያው አንቀጽ በኃላፊ ጊዜ ተጽፎ ይወጣል።

እኔ ታብሌት ይዘው ከቀበሌ ቀበሌ ከሚዞሩት፣ ኋላም የተሰበሰበውን መረጃ ቁጭ ብለው ከሚያጸዱት ወገን ነኝ። የሠራሁላቸውን ድርጅቶች ስም አላነሣም፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ጠባይ ሳይሆን የሙያው ልማድ ነውና። ምርምር ይቅር እያልኩም አይደለም። ደቡብ ኦሞ ከአሪ ጋር የ16 ነባር ብሔረሰቦች አገር ነው። ጤናቸውም፣ ከብታቸውም፣ ወንዛቸውም መጠናት አለበት። የምለው አንድ ነገር ነው፦ የመረጃ ሥነ ምግባር ፎርም ላይ በሚያርፍ አውራ ጣት አያልቅም። ዋናው ጉዳትም ሆነ ዋናው ጥቅም የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ቁጥሩ ትርጉም በሚሰጠው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ማኅበረሰቡ ክፍሉ ውስጥ የለም።

አዳራሹና ታብሌቱ

ነገሩ የሚጀምረው በአዳራሽ ነው። የዞን ባለሙያዎች፣ የወረዳ ተወካዮችና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይጠራሉ። ፕሮጀክተር ይበራል፣ ሻይ ቡና ይቀርባል፣ የተሰብሳቢ ስም ዝርዝር ይፈረማል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሣል። ይህ «የማኅበረሰብ ምክክር» ይባላል። እዚያ የሚነሣ ሐሳብ ግን መጠይቁን ሊለውጠው አይችልም፤ መጠይቁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማኅተም ካረፈበት ሰንብቷል፣ ታብሌቱ ላይም ተጭኗል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ይህንን ለሴቶቹ ባል ፊት አትጠይቁ» ቢሉ ቃለ ጉባኤ ያዡ በደንብ ይጽፍላቸዋል። ጥያቄው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ መስክ ነው። መረጃ ሰብሳቢው በቀን ሞልቶ እንዲያመጣ የሚጠበቅበት ቁጥር አለ። መንገዱ ሩቅ፣ ፀሐዩ የቆላ ፀሐይ ነው፤ ተጠያቂውም ከብቱን ውሃ ሊያጠጣ ቸኩሏል። በዚህ መሀል መጀመሪያ የሚሠዋው የስምምነት ገጹ ነው። ስለ መብት፣ ስለ ምሥጢር ጥበቃ፣ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ስለመቻል በሁለት ገጽ የተጻፈው ሁሉ «ለጥናት ነው፣ እሺ?» ወደሚል ያጥራል። ማንበብ ለማይችለው አውራ ጣት በቀለም ይነከራል፤ ጉዳዩ አለቀ።

አሁን የውስጡን ልንገራችሁ። ታብሌቱ ይህን ሁሉ ያውቃል። መስክ ላይ ከምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች መካከል ኦዲኬና ኮቦ ቱልቦክስ፣ መረጃ ሰብሳቢው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየ መመዝገብ ይችላሉ። ሥራ አስኪያጆች ይህን መዝገብ የሚያስከፍቱት ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የውሸት መልስ የሚሞላውን ልጅ ለመያዝ ነው። «የስምምነቱ ገጽ በስንት ሰከንድ ታለፈ?» ብሎ የጠየቀ አስተባባሪ ግን አልገጠመኝም። ሰውየው ስለ ፍየሉ የሰጠው መልስ ይመረመራል፤ እሺ ያለበት መንገድ አይመረመርም። ሊለካ የሚችልን ነገር አለመለካት ምርጫ ነው።

የአውራ ጣት ነገር ደግሞ እዚህ አካባቢ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ሲከለል፣ ሙርሲዎች ያላነበቡትና በቅጡ ያልተረዱት ሰነድ ላይ ጣታቸውን እንዲያትሙ ተደርጓል የሚል ክስ ከመብት ተሟጋቾች ቀርቦ ነበር። የጊቤ 3 ግድብም ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ዋናው የአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ የወጣው በ2009 ነው። ግድቡ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ትልቅ የአገር ሀብት ነው። ከግድቡ በታች ያሉት ካሮዎች፣ ኛንጋቶሞችና ዳሰነቾች ደግሞ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከወሰነ በኋላ የሚጠይቅ ጥናት ምን ያህል ነገር ሊለውጥ እንደሚችል ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲያዩ ፊታቸው የሚጠቁረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

የማጽጃው ጠረጴዛ

ወደ ጓዳው እንግባ። የተሰበሰበው መረጃ ጂንካ ወይም አዲስ አበባ ያለ ኮምፒዩተር ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ «ይጸዳል»። ማጽዳት ንጹሕ ሥራ ይመስላል። አይደለም።

መጠይቁ «ይህ ቤተሰብ ስንት ከብት አለው?» ይላል። ሐመር ወይም ዳሰነች ዘንድ ይህ ጥያቄ ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ አርብቶ አደር የከብቱን ቁጥር ለመንገደኛ አይዘረግፍም፤ እናንተስ የባንክ ደብተራችሁን ላገኛችሁት እንግዳ ታሳያላችሁ? ሁለተኛ፣ ከብቱ አንድ በረት ውስጥ የለም። ድርቅ ወይም በሽታ በአንዴ እንዳይጨርሰው በወዳጅ፣ በዘመድ፣ በአማች ዘንድ ተበትኖ ይቀመጣል። በረቱ ውስጥ ከቆሙት መካከልም ከፊሎቹ የሌላ ሰው አደራ ናቸው። ላሚቱን የሚያልባት አንዱ፣ በጥጃዋ ላይ የሚያዝ ሌላው ሊሆን ይችላል። ይህ የቆላው ሰው የዘመናት የመድን ሥርዓት ነው፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ ግን አይገባም።

ታዲያ ጠረጴዛው ላይ ምን እናደርጋለን? ቁጥሩ በጣም ያነሰውን «ድሃ» እንለዋለን። በጣም የበዛውን «ከተለመደው የወጣ» ብለን እናስወግደዋለን፤ ኮዱ ከሁለት መስመር አይበልጥም። በረት ሙሉ የሰው አደራ የያዘ ደሃ ሀብታም ሆኖ ይወጣል፤ ከብቱን በሦስት ወረዳ የበተነ ባለጸጋ ደሃ ሆኖ ይመዘገባል። ያ ሠንጠረዥ ነገ እርዳታ ለማን ይድረስ የሚለውን የሚወስን ሊሆን ይችላል። ስህተቱን ያዩ ሰዎች ሁሉ መንደር ውስጥ ናቸው፤ ሠንጠረዡን ያዩ ሰዎች ሁሉ ቢሮ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ አይገናኙም።

«አባወራ» የሚል ሳጥንም አለ። ሁለትና ሦስት ሚስት ባለበት ቤት እያንዳንዷ ሚስት የራሷ ጎጆ፣ የራሷ ማሳና የራሷ እህል ይኖራታል። ታብሌቱ ግን አንድ ስም ብቻ ይቀበላል። ሦስት ምድጃ በአንድ መስመር ይጠቀለላል። ከዚያ «የሴቶች የምግብ ዋስትና» የሚል ምዕራፍ በዚህ መረጃ ላይ ይጻፋል።

ከሰማይ የሚመጣው መረጃም ያው ነው። በኢትዮጵያ ለአርብቶ አደሮች በሳተላይት ላይ የተመሠረተ የድርቅ መድን በቦረና እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀመር ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ሳተላይቱ የምድሩን ልምላሜ ይለካል፣ ልምላሜው ከወሰን በታች ሲወርድ ካሣ ይከፈላል፣ ከብት የሚቆጥር ሰው አያስፈልግም። ይህንኑ ስሌት ወደ ዳሰነች ልውሰደው የሚል ሰው ግን አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። በኦሞ ታችኛው ተፋሰስ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም መጤ ዛፍ ተስፋፍቷል። ከሰማይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ከብት ግን ቅጠሉን አይበላውም፤ ሥሩም ሣሩን ያጠፋዋል። ስሌቱ «ግጦሽ አለ» ሲል እረኛው ረሃብ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጠይቆ መልሱን መቀበል ይበቃል፤ ግን ልጁን የሚጠይቅበት መስመር በበጀቱ ውስጥ የለም።

ባለ ቀለሙ ሥዕል

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተዛባ ቁጥር ነው። አሁን የሰው ክብር ወደሚነካው ልምጣ፤ ይህ ታሪክ የሆነው በጂንካ ዙሪያ ባሉ ደጋዎች ነው።

አሪዎች እንሰትና እህል አምራች ገበሬዎች ናቸው። በመካከላቸው «ማና» የሚባሉ ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮች አሉ። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የምትገዙት ማሰሮና ድስት፣ ማረሻና ማጭድ የእጃቸው ሥራ ነው። ሸክላቸው ሁሉም ቤት ይገባል፤ እነርሱ ግን አይገቡም ነበር። ከገበሬው ጋር አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም ነበር። የሚያገላቸው ሰው ሁልጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት አለው፦ «ድሮም ዘራቸው ሌላ ነው።» በአገራችን ከሰሜን እስከ ደቡብ ቀጥቃጭ፣ ፋቂና ሸክላ ሠሪ ባለበት ሁሉ ይህን አባባል በተለያየ ልብስ ታገኙታላችሁ።

ምሁራኑም በሁለት ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን «እነዚህ ከገበሬው በፊት የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው» ሲል ሌላኛው «የለም፤ ያው ሕዝብ ናቸው፣ በሥራቸው ምክንያት ተገፍተው ነው» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካው የሰው ጀነቲክስ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን የዘር ውርስ አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። ከናሙናዎቹ መካከል ጥቂት ደርዘን አሪዎች ነበሩ፤ በሁለት ረድፍ ተመዝግበዋል፦ ገበሬ አሪና ቀጥቃጭ አሪ። ሰዎችን በዘር ውርስ ተመሳሳይነታቸው የሚመድብ፣ ውጤቱንም በባለ ቀለም ዘንጎች የሚስል በሙያው የታወቀ ስሌት አለ። በዚህ ስሌት ቀጥቃጮቹ የራሳቸውን ቀለም ይዘው ለብቻቸው ወጡ።

ሥዕሉን ለደቂቃ አስቡት። ለዘመናት በገበያና በሠርግ ቤት ሲባል የኖረው አሉባልታ አሁን በቀለም ታትሞ፣ በሳይንስ ማኅተም መጣ። ያልተጠነቀቀ አንባቢ «አላልንም?» ቢል ማን ይመልስለታል?

የመለሰው ሌላ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ፕሎስ ጀነቲክስ በተባለው መጽሔት ላይ የአሪዎቹን መረጃ እንደገና መርምረው አወጡ። ያገኙት ይህ ነው፦ ጥቂት ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጋቡ ሲገደዱ የዘር ውርሳቸው ስብጥር እየጠበበ ይሄዳል። ያ ባለ ቀለም ስሌት ይህን ጥበት «የተለየ ምንጭ» አድርጎ ያነበዋል። የጥበቱን ተጽዕኖ ነጥለው ሲያዩት ገበሬውና ቀጥቃጩ ከሌሎች ሕዝቦች ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ፣ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የተከፈሉ ሆነው ተገኙ። ዘራቸው ሌላ ስለሆነ አልተገለሉም፤ ስለተገለሉ ዘራቸው ሌላ መሰለ።

መረጃው ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ውጤቱን ይዞ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝም እዚህ ላይ ነው። «ከገበሬው ጋር እንዳንጋባ ተከልክለን ኖረናል» የሚለውን ለመስማት አዲስ ስሌት መፍጠር አያስፈልግም ነበር፤ ማናዎቹ ራሳቸው ያውቁታል፣ የመስክ አንትሮፖሎጂስቶችም ጽፈውታል። ባለ ቀለሙ ሥዕል ከመታተሙ በፊት ከእነርሱ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛው አጠገብ ቢቀመጡ ኖሮ ያ ጥያቄ በዚያው ቀን ይነሣ ነበር። የማኅበረሰብ ሐሳብ ለጨዋነት ብቻ የሚጠየቅ አይደለም፤ ሳይንሱን ራሱን ያርመዋል።

አሪዎችን የሚነካ ሌላም ታሪክ አለ። ከጋሞ ደጋ፣ ከሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት አጽም የዘር ውርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲታተም፣ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ይበልጥ የሚቀርቡት አሪዎች መሆናቸው ተነገረ። አብሮም ከአውሮፓና እስያ ወገን የመጣ የዘር ውርስ መላ አፍሪካን አዳርሷል የሚል ትልቅ ድምዳሜ ወጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስህተት ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ ሁለት ሶፍትዌሮች በትክክል ሳይናበቡ ቀርተው ነበር። መላ አፍሪካ የሚለው ድምዳሜ ወደቀ፤ የምሥራቅ አፍሪካው ቀረ። በግልጽ ማረማቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም ዜናው በሮጠበት ፍጥነት እርማቱ አይሮጥም፤ ደም ወይም ምራቅ የሰጠ ሰው ደጃፍ ድረስ እርማት የማድረስ ግዴታ የተጻፈበት ውልም አላየሁም።

«ስም የለበትም» ሲሏችሁ

በዚህ ሙያ ውስጥ በብዛት የሚነገር ማጽናኛ ቢኖር «ስም ሰርዘናል፣ ማንም አይታወቅም» የሚለው ነው። አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ይሆናል። ካሮ ላይ አይሠራም።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካሮዎች አንድ ሺህ አምስት መቶ ገደማ ነበሩ፤ ዋና ዋና መንደሮቻቸውም ዱስ፣ ላቡክና ኮርቾ ናቸው። ስሙ በጠፋበት ሠንጠረዥ ላይ «ሴት፣ የሃምሳ ዓመት፣ ስድስት ልጆች፣ ኮርቾ» የሚል መስመር ቢኖር እኒያ እናት ማን እንደሆኑ ለማወቅ መንደርተኛው ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። አጠገቡ ስለ በሽታ ወይም ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የመለሱት መልስ ካለ ምሥጢራቸው አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ትናንሽ ሕዝቦች ባሉበት አገር መንደርን ከመረጃው ላይ ማንሣት፣ ዕድሜን በክልል መጻፍ፣ ጥቂት ሰው ያለበትን ረድፍ አለማውጣት ግዴታ መሆን አለበት። ዘዴዎቹን እናውቃቸዋለን፤ የምንተዋቸው ሠንጠረዡ «ዝርዝር ጎደለው» እንዳይባል ነው።

ስም ያልያዘ መረጃም ሰው ሊያስገድል ይችላል። ታብሌቱ መልስ በተሞላ ቁጥር ያለንበትን ነጥብ በጂፒኤስ ይይዛል። ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሐመር፣ ከድንበር ማዶ ደግሞ ቱርካና በግጦሽና በከብት ዘረፋ በሚጋጩበት ምድር፣ የከብት ማደሪያና የበጋ ውሃ ጉድጓድ ነጥቦች ያሉበትን ካርታ ለሁሉም ክፍት አድርጎ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ክፍት መረጃ ጥሩ መርህ ነው። የተወለደው ግን ከብት በማይዘረፍበት አገር ነው።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጂንካ በዓለም ዜና ላይ ወጣች፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የማርበርግ ወረርሽኝ የተረጋገጠው እዚህ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ከታማሚ ጋር የተነካኩ ሰዎች ስም፣ ስልክና ቤት መመዝገብ አለበት፤ ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው፣ ማንም አይቃወመውም። ከዚያ በኋላ ግን የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። አደጋው ሲያልፍ ያ ዝርዝር የት ይቀመጣል? ማን ይከፍተዋል? መቼ ይጠፋል? ይህ ጥያቄ መመለስ ያለበት በአስቸኳዩ ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ሰው ሳይደናገጥ ነው።

በደንብ የሠሩም አሉ

«ይህ ሁሉ የማይቻል ምኞት ነው» የሚለኝ ባልደረባ አላጣም። ለእርሱ የሚሆን ማስረጃ ከዚሁ ከደጃችን አለ።

ጂን ላይዳልና ኢቮ ስትሬከር የተባሉት አንትሮፖሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ሕዝብ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተሙ። ሁለተኛው ቅጽ ባልዳምቤ የተባሉት የሐመር ሽማግሌ ስለ ሕዝባቸው ያስረዱት ነው፤ ስማቸው በርዕሱ ላይ አለ። ተጠያቂው አስረጂ ሆነዋል። ስትሬከር ኋላ ጂንካ ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም እንዲቆም ሠርቷል። በማዕከሉ የየብሔረሰቡ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ራሳቸው ኑሮ ራሳቸው የተናገሩባቸው ዐውደ ጥናቶች ተካሂደዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የሙርሲው ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ ካሜራውን ራሱ ይዞ ስለ ሕዝቡ ፊልም ሠርቷል። ፎቶ በተነሡ ቁጥር ሒሳብ በሚጠይቁት ሙርሲዎች ላይ ቱሪስቱ ያማርራል፤ እኔ ግን ከብዙ ተመራማሪ ይልቅ ነገሩ የገባቸው እነርሱ ይመስሉኛል። ከሰው ላይ ተወስዶ የሚሄድ ነገር ዋጋ እንዳለው ያውቃሉ።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ወላይታ ሂዱ። በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በቤተሰብ የሚተላለፍ ዝንባሌ እንዳለው ለማጥናት የፈለጉ ተመራማሪዎች፣ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ፣ ደም ከመቅዳታቸው በፊት ሌላ ጥናት አደረጉ፤ «እንዴት ብንጠይቃችሁ ይሻላል?» የሚል ጥናት። ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ የተባለው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ልጅ ለመዳር የሚቸገርበት አገር ላይ «በሽታው በዘር ነው» የሚል ጥናት መገለልን እንደሚያባብስ፣ እሺታም ከወረቀቱ ይልቅ በሚያስተዋውቀው ሰው ላይ ባለ እምነት እንደሚቆም አወቁ። አጠያየቃቸውን በዚያ ልክ አስተካከሉ። የጀነቲክሱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 ታላቁ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ማኅበረሰቡን መጠየቅ ሳይንሱን አላዘገየውም፣ አላሳነሰውምም።

ከአፍሪካ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝቦችን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጥቂት ሳን ሰዎች የዘር ውርስ በታላቅ መጽሔት ሲወጣ መሪዎቻቸው «እኛን ማን ጠየቀ?» ብለው ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አውጥተው አሳወቁ፤ ሊያጠናን የሚመጣ ይህን ፈርሞ ይግባ አሉ። ደንቡ አጭር ነው፣ ቋንቋው ማንም የሚረዳው ነው፤ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱም ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለእነርሱ እንዲታይ ነው።

ሕጉ የቆመበት ቦታ

ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ጥሩ ሕግ ነው። የጤና፣ የዘር ውርስና የብሔር ማንነት መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ የሚያውቀው ግን ግለሰብን ነው። የአሪ ቀጥቃጮች ሥዕል የማንንም ስም አልያዘም፤ ሊጎዳ የሚችለው ግን ሁሉንም ነው፣ ናሙና ያልሰጡትን ጭምር። ይህን የቡድን ጉዳት አዋጁ አይዳኘውም።

የሚገርመው የቡድን መብት ለሕጋችን እንግዳ አለመሆኑ ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለማኅበረሰብ አስቀድሞ የመጠየቅ፣ እምቢ የማለትና ከጥቅሙ የመካፈል መብት ይሰጣል። ስለዚህ አሪዎች ስለ እንሰት ያላቸውን ዕውቀት ልውሰድ የሚል ሰው ማኅበረሰቡን መጠየቅ አለበት። የአሪን ሕዝብ መረጃ ከሰበሰበ በኋላ ለሌላ ትንተና ላውለው የሚል ሰው ግን ይህ አይጠበቅበትም። ስለ ተክሉ ያለው ዕውቀት ያገኘውን መብት ባለቤቱ አላገኘም።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የምርምር ማዕከሉ አለ፣ የዞኑ መምሪያዎች አሉ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ። ወደ ደቡብ ኦሞና ወደ አሪ ለሚገባ ጥናት ሁሉ ከየብሔረሰቡ ሴትና ወንድ፣ ሽማግሌና ወጣት፣ ከገበሬውም ከሸክላ ሠሪውም ያለበት አንድ ቋሚ ሸንጎ ማቆም ይቻላል። ሸንጎው ሦስት ጊዜ ይጠራ፦ መጠይቁ ሳይዘጋ፣ የመጀመሪያው ሠንጠረዥና ሥዕል ሲወጣ፣ ጽሑፉ ሊታተም ሲል። አበል ይከፈለው፤ ለአዳራሹ ፎቶ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ይበቃል። እምቢ የማለት ሥልጣንም ይኑረው፤ እምቢ ማለት የማይችል ሸንጎ ጌጥ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለሦስት ወገን ነው። ታብሌት ለያዛችሁት ወንድሞቼና እህቶቼ፦ የስምምነቱን ገጽ አንብቡ፣ ኮታው ካልፈቀደ ኮታው እንዲቀነስ ጠይቁ፤ መዝገቡ ሰከንዱን ይዟል። ለዞንና ለወረዳ ኃላፊዎች፦ የድጋፍ ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት «ውጤቱን መቼ፣ በማን ቋንቋ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን፦ መልሳችሁ የእናንተ ነው። ምን እንደሚሠራበት ሳይነግራችሁ ጣታችሁን ለሚጠይቃችሁ አትስጡ፤ እምቢ በማለታችሁ የሚቀርባችሁ መብት የለም።